የሕዝብ አስተያየት የተጻፈበት ጠረጴዛ

ለተከበሩ የሲኒማ አዳራሻችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ከጥገና በኋላ» የተባለው ፊልም መታገዱን፣ የእርስዎን ፍትሐዊነት እና የእኔን ነውር ይመለከታል።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ከበር ጠባቂው ሰምቼ ከልቤ አዝኛለሁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድሳ ስምንት አስተያየት ጎንበስ ብሎ መቁጠር ለጎልማሳም የሚከብድ ሥራ ነውና፣ ፈጣሪ ወገብዎን አጽንቶ፣ ዓይንዎን አብርቶ፣ ወንበርዎንም ከነመደገፊያው ጠብቆ ለብዙ ዘመን ያኑርልን እያልኩ መልካም ምኞቴን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

እኔ ማን እንደሆንኩ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ሆኖም ይህ ደብዳቤ አጥርዎ ላይ ተለጥፎ መንገደኛ ሁሉ ስለሚያነበው ራሴን ላስተዋውቅ። ከአዳራሹ በር ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈች ጠረጴዛ ይዤ ሃያ ስድስት ዓመት ለሰው ማመልከቻ የጻፍኩ ሰው ነኝ። የምጽፈውን ሁሉ «ጉዳዩ» ብዬ ስለምጀምር ሰፈሩ ስሜን ረስቶ «ጉዳዩ» ይለኛል፤ እርስዎም በሰው ፊት «አቶ ጉዳዩ» ብለው ያከብሩኛል። እውነተኛ ስሜን ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህንን ከቅሬታ አልቆጥረውም፤ ዝቅ ብለው እንደሚያነቡት በጣም ጠቅሞኛል።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ በአጭሩ ላስረዳ። ከሁለት ሳምንት በፊት አዳራሻችን «ከጥገና በኋላ» የተባለ የቤተሰብ ፊልም ማሳየት ጀመረ። የፊልም ድርጅት የሌላት አንዲት ወጣት በውሰት ካሜራ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ጎረቤቶቿን ተዋናይ አድርጋ የሠራችው ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ልጁ እሱ ያልወደደውን ትምህርት ልትማር ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለች። ደብዳቤ ትልክለታለች፤ አይመልስም። የሰፈሩን ራዲዮ ሁሉ አስለፍልፎ ማታ የሚገባበት ቤት ድምፅ የለውም። በመጨረሻ ልጅቷ ትመጣለች፤ ከደንበኞች ጋር ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ፊቱ ትቆማለች፤ እሱም ከፈታታው ራዲዮ ቀና ብሎ ያያትና «ምኑ ነው የተበላሸብሽ?» ይላታል። ፊልሙ እዚህ ላይ ያልቃል።

መብራት ሲበራ ተመልካቹ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን አላወቃትም፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ያሳዝናል አለ። ሌላው ወገን አሳምሮ አውቋታል፣ አንጀተ ደረቅ ስለሆነ ነው አለ። ደረጃው ላይ ቆመው ተከራከሩ፤ ዳቦ ጋጋሪውና ወንድሙ አብረው መጥተው በየፊናቸው ሄዱ። ጡረታ የወጡት መምህርት ደግሞ አወቃት አላወቃት የሚለው ክርክር ውስጥ ሳይገቡ፣ ልጅ የወላጇን ገመና አደባባይ አታወጣም ብለው ዣንጥላቸውን ዘርግተው ነጎዱ። በእኔ ዕድሜ ከዚያ አዳራሽ የወጣ ሰው ስለ ወንበሩ ምቾት እንጂ ስለ ፊልሙ ሲጣላ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እርስዎ ግን ጠብ አይወዱምና ፊልሙን አገዱት። ሠሪዋ ቅጂዋን ልትወስድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። በዚህ ደብዳቤ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ስትመጣ ፊልሟን በካርቶን ታሽጎ በር ጠባቂው እጅ ሳይሆን ሸራው ላይ እንድታገኘው። ተራ ቁጥር የሌለው ቅሬታ እንደማያነቡ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩ኛ. በፊልሙ ላይ ክርክር ሲነሣ ያወጡት መመሪያ አጥሩ ላይ ሲለጠፍ ከአድናቂዎቹ የመጀመሪያው እኔ ነበርኩ፤ ጸሐፊዎ ወሊድ ላይ ስለሆነች በጥሩ ጽሕፈት የገለበጥኩትም እኔው ነኝ። አስተያየት በቃል አይሰጥም፤ በእጅ ጽሑፍ፣ ከአንድ ገጽ ሳያንስ፣ ቀንና ፊርማ ኖሮት፣ መጨረሻው ላይ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚል ቃል ሊኖርበት ይገባል ተባለ። ክቡር ሆይ፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች የወጣች ሴት «ከላይ በርዕሱ እንደተመለከተው» ብላ እንድትጀምር ማድረግ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ ጥበብ ነው። ሴትዮዋም ሌላውም ተመልካች ቀጥ ብሎ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ መጣ። ከስድሳ ስምንቱ አስተያየት ስድሳ ሦስቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለድጋፉ ሰማያዊ፣ ለተቃውሞው ጥቁር እስክሪብቶ ይዤ፣ አንዳንዴ ፊደሌን እያጋደልኩ፣ አንዳንዴ እያቀናሁ ጻፍኩት። «የሕዝብ ድምፅ» ብለው በሁለት ፋይል ያሰሩት ያ ሁሉ ወረቀት ከአንዲት ባለ ሦስት ተኩል እግር ጠረጴዛ የወጣ መሆኑን ቀና ብለው በመስኮትዎ ቢያዩ ኖሮ ይደርሱበት ነበር፤ ወገብዎ አልፈቀደም።

፪ኛ. የአዳራሹን ማራገቢያ ይመለከታል። አባትየው ዝም በሚልባቸው ቦታዎች ሁሉ ማራገቢያው ሲጥ ሲጥ ይላል። አንዲት ተመልካች «የአባትየውን የውስጥ ጭንቀት የሚያሰማው ያ የማያቋርጥ ድምፅ» ልቧን እንደነካው አስጽፋኛለች። ይህ ድጋፍ ለፊልሙ ሳይሆን ለማራገቢያው የሚገባ ቢሆንም፣ አላወጣሁትም።

፫ኛ. በመመሪያዎ ውስጥ ለመደገፍና ለመቃወም ቦታ አለ፤ በመካከል ለቆመ ሰው ግን የለም። ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ መንገዱን እየሳተ ከእርስዎ ወደ እኔ ስለሚዞር፣ እባክዎ ወንበርዎን አመቻችተው ያንብቡት።

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩን ያውቁታል፤ አዳራሹ በር ላይ የሚያወርደው ቀዩ አውቶቡስ የእሱ ነው። ማንበብና መጻፍ አይሆንለትም። ጠረጴዛዬ ላይ በክርኑ ተደግፎ እንደነገረኝ፣ ፊልሙን አይቶ ወጥቶ መኪናውን ማስነሣት ስላቃተው መሪውን ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ተሳፋሪ በሩን ሲደበድብበት ቆየት በሉ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፋት ልጁ ጋ ደወለ፤ አነሣችው። ይህንን ጻፍልኝ አለኝ። መደገፍህ ነው ወይስ መቃወምህ ብዬ ጠየቅኩት። እሱም እኔ ምን አውቄ፣ አንተ የተማርከው እንደሚሆን አድርገህ ጻፈው አለኝ። እኔ የተማርኩት እንደሚሆን አድርጌ ጻፍኩት። «ፊልሙ የሕዝብ ማመላለሻ አገልግሎት በሰዓቱ እንዳይሰጥ እክል የፈጠረ ሆኖ ስላገኘሁት አጥብቄ እቃወማለሁ» ይላል፤ ፋይልዎ ውስጥ ሃያ ዘጠነኛው ነው። ሹፌሩ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመበት፣ ጣቱን በሱሪው ጠረገና እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ ብሎኝ ሄደ።

ነርሷም መጣች። አባትየውን በጥፊ ልለው ከወንበሬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም፣ በኋላ ግን የገዛ ወንድሜን ስንት ጊዜ እንዲሁ አድርጌ እንደመለስኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ አለችኝ። ለእሷ የጻፍኩላት «ተመልካችን ለአምባጓሮ የሚያነሣሣ» የሚል ነው። ፈረቃዋ ደርሶባት ስለነበር ሳታነበው ፈረመች፤ ታምነኛለችና። ባለፈው ዓመት የእናቷን የጡረታ ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ጽፌ እንዲጸድቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እምነቷን ያገኘሁት በዚያ ነው፤ የተጠቀምኩበት ደግሞ በዚህ።

ከሠላሳ አራቱ ተቃውሞ አሥራ አንዱ እውነተኛ ናቸው። የመምህርቷ በገዛ እጃቸው የተጻፈ ነው፤ ባልስማማበትም አከብረዋለሁ። የዳቦ ጋጋሪው ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ ይላል፤ ሰው ንጋት ሳይቀድመው ተነሥቶ ከሠራ እንቅልፍም አስተያየት ነው። የቀሩት ሃያ ሦስቱ ግን ከእኔ የወጡ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ደግፈው ወይም ግራ ገብቷቸው መጥተው፣ ተቃውመው ሄዱ። መመሪያዎን የገለበጥኩት እኔ ስለሆንኩ ተራ ቁጥር ሰባትን አውቃት ነበር፤ «ተመልካቹ እኩል ለእኩል ከተከፈለ ለሰላም ሲባል ፊልሙ ይታገዳል» ትላለች። እኔም ጠረጴዛዬ ሥር በእርሳስ እየጫርኩ ስቆጥር ሰነበትኩና ሠላሳ አራት ለሠላሳ አራት ሲደርስ ዕቃዬን ሰብስቤ በጊዜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

፬ኛ. እርስዎም ቆጠሩና እኩል ሆኖ አገኙት። ሕዝቡ በሐሳብ ሲለያይ ፊልሙን በማገድዎ ከተማው ሰላም ሆኗል፤ ሁለት ሰዎች ዝናብ ይመጣል አይመጣም ብለው ቢከራከሩ ሰማዩን የማገድ ሥልጣን ስላልተሰጠዎት ደግሞ ገበሬዎች ሁሉ ሊያመሰግኑ ይገባል። ፊልሙን ሳያዩት መወሰንዎንም አደንቃለሁ፤ ያየ ሰው ወደ አንዱ ወገን ማዘንበሉ አይቀርም፣ ያላየ ግን ንጹሕ ዳኛ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የኔ ጥፋት ለልጅቷ ቅጣት ሆነ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለውም ተረት ጉዳዩን ይመለከተዋል፤ ውሻው እኔ ነኝ፣ የቀረውን ለእርስዎ ትሕትና ትቻለሁ።

አሁን መንገደኛው ሰውዬው ይህን ሁሉ ምን አደከመው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እነግረዋለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነገር ሆዴን ፈጅቶ ጨርሶታል።

መመሪያው ከመውጣቱ በፊት፣ ፊልሙ በጀመረበት እሑድ፣ የፊልሙን ማስታወቂያ ለጻፍኩበት ውለታ ብለው የመግቢያ ትኬት ሰጥተውኝ ነበር። የማስታወቂያው ጽሑፍ ላይ የፊልሙ ስም እንጂ የሠሪዋ ስም አልነበረበትም። ከኋላው ረድፍ መሐል ላይ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፍቶ የሠሪዋ ስም ሸራው ላይ ሲወጣ ልነሣ ፈለግኩ፤ ግን ግራና ቀኜ ስምንት ስምንት ጉልበት ነበር፤ ይቅርታ እያልኩ ያን ሁሉ ሰው ከማስነሣ ብዬ ቀረሁ። ሰው ይቅርታ ማለት ሲከብደው ምን ድረስ እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ልጄ ናት።

አባትየውም ራዲዮ ጠጋኝ አይደለም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። እናቷን ቀብረን ዓመት ሳይሞላ ፊልም ልማር ብላ ስትነሣ፣ ቤቱን በቁሙ ልትቀብሪው ነው ብዬ ተቆጣሁ፤ ሄደች። ዘጠኝ ደብዳቤ ላከችልኝ። ሁሉንም ከፍቼ አንብቤያቸዋለሁ፤ ሁሉም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ዘጠኝ ጊዜም መልስ ልጽፍላት ወረቀት አውጥቼ «ጉዳዩ» የሚለውን ከጻፍኩ በኋላ እጄ እምቢ ይለኛል። ለሰው ስጽፍ ጉዳዩን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፤ የመሬት ነው፣ የጡረታ ነው፣ የውሃ ቆጣሪ ነው። የእኛን ጉዳይ ምን ብዬ በአንድ መስመር እንደምጽፈው ጠፋኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ስለ እኔ ነው፤ እኔስ ሃያ ስድስት ዓመት አማሰልኩ።

ከዚያ አንድ ቀን መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከፊቷ አራት ሰው ነበር፤ ከአራቱ ኋላ ተሰልፋ፣ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ተራዋ ደረሰ። እኔም ቀና ብዬ አየኋትና ለማንኛውም ሰው እንደምለው፣ «ጉዳይሽ ምንድን ነው?» አልኳት። ጉዳይ የለኝም አለችና ዞራ ሄደች። ከኋላዋ የነበረው ሰውዬ ተራው ስለደረሰ ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ የእሱንም ጻፍኩለት፤ አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም።

ልጄ ይህንን ይዛ ፊልም ሠራች። ሰው እንዳይለየኝ ብላ ሙያዬን ቀየረችልኝ፤ በወረቀቱ ፈንታ ራዲዮ፣ በእስክሪብቶው ፈንታ መፍቻ አስያዘችኝ፤ ጸጉሬን እንኳ ከእውነተኛው አብልጣ ሰጠችኝ። መምህርቷ ገመና አወጣች ያሉት ስለማያውቁ ነው፤ ገመናዬን የሸፈነችው እሷ ናት። በዚህ ከተማ ራሱን እዚያ ሸራ ላይ ያየ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ማንም ሳይጠረጥረኝ ደንግጬ፣ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ መስሎኝ፣ ፊልሙ ከከተማው እንዲወጣልኝ ፈለግኩ። በማግሥቱ እርስዎ መመሪያዎን አወጡ። ደካማ ሰው መጥፎ ነገር ሲያስብ ቅጽ አዘጋጅቶ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ማግኘት ዕድል ነው፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

፭ኛ. ማገጃውን ደብዳቤ ይመለከታል። ቆጥረው ሲጨርሱ በር ጠባቂውን ልከው አስጠሩኝና ለፊልም ሠሪዋ የሚላከውን ደብዳቤ በቁም ጽሕፈት፣ በሚያምረው እጅህ ጻፍልኝ አሉኝ። ጻፍኩት። «ወ/ሪት» ብዬ ስሟን ጻፍኩ፤ ከስሟ ቀጥሎ የአባት ስም መጻፍ ግድ ነው፤ የአባቷ ስም የኔ ስም ነው። እስክሪብቶዬ እዚያ ላይ ሲቆም ቀለም አለቀብህ እንዴ ብለው የራስዎን አበደሩኝ። ለልጄ በሕይወቴ የላክሁላት የመጀመሪያ ደብዳቤ ፊልምሽ ታግዷልና መጥተሽ ውሰጂ የሚል ሆነ፤ እርስዎም አንብበው እንከን የለውም ብለው ማኅተም መቱበት። እውነትዎን ነው፤ የፊደል እንከን የለውም።

ስድስተኛ ቅሬታ የለኝም። ወደ ልመናዬ ከመመለሴ በፊት ግን ይህን ደብዳቤ ለምን ዛሬ እንደጻፍኩ ልንገርዎ። ባለፈው ማክሰኞ ሹፌሩ አውቶቡሱን ጥግ አስይዞ መጣ። ፊልሙ ታገደ ሲሉ ሰምቶ ተናዷል። ልጁ ቅዳሜ ልትጠይቀው ትመጣለች፤ አብረው ሊያዩት ተቀጣጥረዋል። ስለዚህ እገዳው እንዲነሣ አቤቱታ እንድጽፍለት ፈለገ። እነዚያን ተቃዋሚዎች ባገኛቸው አልጣላቸውም፣ አውቶቡሴ ውስጥ አስቀምጬ ላስረዳቸው እፈልግ ነበር አለኝ። አውራ ጣቱንም ገና ምንም ሳልጽፍ ለቀለሙ አዘጋጅቶ ነበር። ያቺን ጣት ሳይ ወረቀቱን አጣጥፌ ከነገ ወዲያ ናልኝ አልኩት፤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም።

ዛሬ ሲመጣ ወንበር ሰጥቼ ይህን ደብዳቤ እስከ አምስተኛው ቅሬታ ድረስ አነበብኩለት። ሃያ ዘጠነኛው አስተያየት ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ፤ ቀጥል አለኝ፣ ቀጠልኩ። ስጨርስ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሲጠሩት ተነሣና፣ «ታዲያ እስከዛሬ ለልጅህ አልደወልክላትም፣ ጋሼ?» አለኝ። ሲሄድ ጣቱን አልነከረም፤ በእኔ ጽሑፍ ላይ ሁለተኛ አያትምም፤ አልፈርድበትም። ነርሷና ሌሎቹ ዘንድ ከነገ ጀምሮ በየበራቸው እሄዳለሁ፤ እያንዳንዳቸው ምን እንዳሉኝና ምን እንደጻፍኩባቸው አነብላቸዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሃያ ሦስቱን ይሰርዙ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ የተፈረመበት ወረቀት እንደማይሰርዙ አውቃለሁ። የራስዎን መመሪያ ብቻ እንዲያከብሩልኝ እለምናለሁ። ለስድሳ ሦስት ሰው አስተያየት ስጽፍ የራሴን ሳልሰጥ ቀርቻለሁ፤ ተመልካች ነኝ፣ ትኬቱም እጄ ላይ አለ። ይህ ጽሑፍ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ከአንድ ገጽ አያንስም፤ ቀንና ፊርማ አለበት፤ ፊርማውም «ጉዳዩ» የሚለው ሳይሆን እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ነው። መጨረሻው ላይ የሚፈለገው ቃል ይኸውና፦ «ከጥገና በኋላ» የተባለውን ፊልም እደግፋለሁ። ሠላሳ አምስት ለሠላሳ አራት ሆነ ማለት ነው። እኩል ስላልሆነ ተራ ቁጥር ሰባት አይሠራም፤ ፊልሙ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መታየት አለበት። ይህን ያህል ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ ሕግ ጠቅሼ ለራሴ አንድ ነገር ስለምን ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለራሴም አይደለም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ላበደሩኝ እስክሪብቶ፣ ላላዩት ፊልምና ላልጠየቁኝ ስም ወሰን የሌለውን ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ውሳኔዎ እንደ ወትሮው ፈጣን፣ እንደ ወትሮው ሳይሆን ደግሞ ትክክል ይሆናል በሚል ጽኑ እምነት፣ ከወገብዎ ሕመም ፈጥነው እንዲድኑ የምመኝ፣ በመስኮትዎ ትይዩ የተቀመጥኩ፣ ቀና ቢሉ የማይጠፋብዎት፣

ታዛዥዎና በዳይዎ፣
«አቶ ጉዳዩ» ይባል የነበረው ማመልከቻ ጸሐፊ
(ቀንና ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ የሚጣራ ነገር አለ ብለው ኮሚቴ ማቋቋምዎ አይቀርም። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ካጡ፣ እባክዎ እኔን እንዳይጠሩኝ። ማራገቢያውን ግን ያሠሩት።

ሁለተኛ ማስታወሻ፦ ፊልም ሠሪዋ ለማገጃው ደብዳቤ የላከችውን መልስ ከትናንት በስቲያ ጠርዙ ላይ «ለአቶ ጉዳዩ፤ ተገቢው መልስ ተዘጋጅቶ ይቅረብ» ብለው መርተውልኛል። አጭር ደብዳቤ ናት፤ ለመንገደኛውም ገልብጬ አስቀምጬያታለሁ። «ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። በእገዳው ላይ አቤቱታ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ እንድታስታውቁኝ እጠይቃለሁ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፈው ሰው ስሜን ሲጽፍ አውቆኝ ነበር?» ትላለች። በታዘዝኩት መሠረት ተገቢውን መልስ አዘጋጅቻለሁ። ቅዳሜ አዳራሹ በር ላይ፣ ሰው ቢሰለፍም ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ራሴ እሰጣታለሁ፤ ቁጥርም ማኅተምም አያስፈልገውም። ይህን ለሁለት የከፈለንን ክርክርም የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ሕዝቡ ይወቀው፦ አውቆሽ ነበር፤ ያን ጊዜም አውቆሽ ነበር።